ድክ ድክ የሚል ልጅ ስድብ ሲለምድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት ጥያቄዎች ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት ያሉ ልጆችን ይመለከታሉ። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ስድብ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የሚናገረውን ያውቃል። ነፍስ ያላወቀ ልጅ ግን በደንብ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፦ ያቺን ቃል ሲላት ቤቱ ውስጥ ምን እንደሚፈጠር። ከዚህ በታች ያለው መልስ አብዛኛው ከዚህ ይመዘዛል።

ገና ሃያ ቃል የማይሞላ ልጅ ስድብን ከየት አምጥቶ ለመደ?

ከእኛው ነው። ከጎረቤት፣ ከመዋዕለ ሕፃናት፣ ከታክሲ ረዳት ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከቤት አይርቅም።

አብዛኞቹ ልጆች የመጀመሪያዋን ቃል የሚሏት አንድ ዓመት ሲሞላቸው አካባቢ ነው። ሁለት ዓመት ላይ ሃምሳ ያህል ቃላት ይዘው ሁለት ሁለቱን ማገጣጠም ይጀምራሉ፦ «ውሃ ስጪኝ»፣ «አባ መጣ»። ወላጅን የሚያስደነግጠው ከዚያ ወዲህ ያለው ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሱዛን ኬሪና ኤልሳ ባርትሌት የተባሉ ተመራማሪዎች የሦስትና የአራት ዓመት ልጆችን እንዲህ ፈተኗቸው፦ አስተማሪዋ በሥራ መሐል፣ ትምህርት እንዳይመስል አድርጋ፣ ልጆቹ ሰምተውት በማያውቁት የቀለም ስም «ያኛውን ትሪ አምጣልኝ፣ ሰማያዊውን ሳይሆን» ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ከቀናት በኋላ ሲጠየቁ ብዙዎቹ ልጆች ከዚያች ቃል የሆነ ነገር ይዘው ተገኙ። ለአንድ ቃል አንዴ መስማት ይበቃል ማለት ነው።

ስድብ ደግሞ እንደ ትሪው ቀለም በለሆሳስ አይነገርም። ድምፅ ከፍ ብሎ፣ ከሌላው ንግግር ተነጥሎ፣ ፊት ተለዋውጦ ነው የሚወጣው። መገናኛ አካባቢ ሚኒባስ ሳይታሰብ ሲገባበት አባት ክላክሱን ተጭኖ «አንተ ከብት!» ይላል። ከኋላ ወንበር የተቀመጠችው ልጅ ስለ ትራፊክ የምታውቀው ነገር የለም፤ ግን የአባቷ ትከሻ ሲወጠር፣ እናቷ ዞር ስትል፣ መኪናው ሲንገጫገጭ አይታለች። ከቀናት በኋላ የደረደረችው የጣውላ መጫወቻ ሲናድባት «ከብት!» ትላለች። ቦታውን እንኳን አልሳተችም።

ትርጉሙን ያውቃል?

የቃሉን ትርጉም አያውቅም፣ አገልግሎቱን ግን ያውቃል። «አሁን አንድ ነገር ተበላሽቷል»፣ «አሁን ሰው ሁሉ ወደኔ ይዞራል»፣ «ይቺን ስላት እህቴ ታለቅሳለች»፤ እዚህ ድረስ ይገባዋል። ከብት ምን እንደሆነ ቢጠየቅ እንደ ላም ድምፅ ያወጣ ይሆናል።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቲሞቲ ጄይ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት፣ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ የአዋቂ ስድብን መሠረት ይዘው እንደሚመጡ አሳይቷል። በሌላ አነጋገር የኔ ልጅ ብቻ ነው ባለጌ ብሎ መሸማቀቅ አያስፈልግም። ይህን የምለው ነገሩን ለማቅለል አይደለም፤ የተሸማቀቀ ወላጅ ስለሚጮህ ነው።

ሲሳደብ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። ሳቅ ይህን ያህል ጉዳት አለው?

አለው። ከቁጣ ይበልጣል ብል አላጋነንኩም።

በብዙ ቤት የሚሆነውን እንይ። ቡና ተፈልቶ ሁለተኛው ተቀድቷል። አጎት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነውን ልጅ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ «እስቲ አክስትህን ስደባት!» ይለዋል። ልጁ ግራ ተጋብቶ ዙሪያውን ያያል። አጎት በጆሮው ሹክ ይልለታል። «ደደብ!» ቤቱ በሳቅ ይናጋል። ተሰዳቢዋ አክስት ራሷ «ውይ የኔ ጌታ፣ አፉ ሲጣፍጥ!» ብላ ጉንጩን ትስመዋለች፤ ከፈንድሻውም እፍኝ ይታፈስለታል። በሳምንቱ የንስሐ አባት ቤቱን ጠበል ሊረጩ ይመጣሉ። መስቀል አሳልመው «ይባርክህ ልጄ» ሲሉት ልጁ ቀና ብሎ አያቸውና ባለፈው ቤቱን ሁሉ ያሳቀችውን ቃል ያወጣታል። የሚስቅ ጠፋ። እናት ፊቷ በርበሬ መስሎ ጭኑን ትመዘልገዋለች፤ እሱም ያለቅሳል። ለምን እንደተቆነጠጠ ግን ሊገባው አይችልም። ያቺው ቃል ናት፣ ያው ቤት ነው፣ ያው ሰው ነው ያለው።

ከዚህ የተማረው ቃሏ ነውር መሆኗን ሳይሆን ኃይል እንዳላት ነው። አንዴ ፈንድሻ፣ አንዴ ቁንጥጫ ታመጣለች፤ ሁልጊዜ ግን የሁሉንም ዓይን ወደሱ ታዞራለች። ባህሪን ያጠኑት እነ ቢ. ኤፍ. ስኪነር እንዳሳዩት፣ ሁልጊዜ ከሚሸለም ባህሪ ይልቅ አልፎ አልፎ የሚሸለመው ለመጥፋት ያስቸግራል። አጎት በመጣ ቁጥር ብቻ የሚሳቅለት ስድብ ስለዚህ ነው ሥር የሚሰደው። «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» የተባለው እንዲህ ላለው አጎት ይመስለኛል።

ሳቁ ከመጣ መጣ ነው፤ ፊት መመለስ፣ ነጠላን አፍ ላይ ማድረግ፣ «ውሃው ፈላ» ብሎ ወደ ማድ ቤት መግባት ይቻላል። ልጁ ካላየው እንዳልተሳቀ ይቆጠራል። እግረ መንገዴን፦ ልጅን እያሳደቡ ቀርፆ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ለእኔ ከቁንጥጫው ብዙም አይሻልም። ቪዲዮው ልጁ አሥር ዓመት ሲሞላውም እዚያው አለ፣ የክፍል ጓደኞቹም ያገኙታል።

እሺ፣ በትክክል ምን ልበለው?

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲላት ምንም አትበሉት። «ወንበር» ሲል እንደምትሰሙት ስሟትና የጀመራችሁትን ቀጥሉ። ብዙ ስድብ እዚሁ ላይ ይሞታል፤ ያልተጨበጨበለት ቃል ልጅ ይሰለቸዋል።

ከደገመ ጎንበስ ብላችሁ ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ድምፃችሁን ከወትሮው ዝቅ አድርጋችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ «ይቺን ቃል እኛ ቤት አንላትም።» ስብከት የለም፣ «ስንቴ ነው የምነግርህ» የለም። የሁለት ዓመት ልጅ ከረጅም ተግሣጽ ውስጥ የሚቀርለት የእናቱ ፊት ነው።

ዋናው ሥራ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በቃሏ ምትክ ሌላ ቃል መስጠት። ለዚህ ለምን እንደተናገራት መለየት ያስፈልጋል። ተናዶ ከሆነ የንዴቱን ስም ስጡት፦ «ተናደድክ አይደል? ‹ተናደድኩ› በል።» መጫወቻው ተነጥቆ ከሆነ «‹የኔ ነው፣ መልስልኝ› በለው» በሉት። ብዙ ልጆች የሚሳደቡት «መልስልኝ» የምትለዋ ቃል በሰዓቱ ስለማትመጣላቸው ነው። የቃሏ ድምፅ ደስ ብሎት ከሆነ እየደጋገመ በራሱ ይስቃል፤ ያኔ ሌላ የሚያስቅ ድምፅ ስጡት። «እንቁራሪት»ን እያጠበቁ መጥራት ለሦስት ዓመት ልጅ ከማንኛውም ስድብ ያስቃል። የናንተን ዓይን ፈልጎ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ከስድቡ ሰዓት ውጭ ነው፦ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ አብራችሁት ወለሉ ላይ ተቀመጡ።

ሌላ ልጅ ተሰድቦ ካለቀሰ መጀመሪያ ወደተሰደበው ሂዱ። አጽናኑት፣ እቀፉት። ተሳዳቢው ዓይን የሚሄደው ወዴት እንደሆነ ይይ። ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጅ እዚህ ላይ ማብራራት ይቻላል፤ «እየው፣ ከፍቶታል» ይገባዋል። ለሁለት ዓመት ልጅ ግን ሐሳቡን ወደሌላ ነገር ማዞር ይሻላል።

አንድ የማትጠይቁት ጥያቄ አለ፦ «ማን አስተማረህ?» የሁለት ዓመት ልጅ ቃል ከየት እንደለመደ አያስታውስም። ስትወጥሩት ፊቱ የመጣለትን ሰው ስም ይጠራል፤ በዚያ ምክንያት ከጎረቤት ጋር የተቀያየሙ ሰዎች አሉ።

ዝም ስለው ጭራሽ ባሰበት። እየሠራ አይደለም ማለት ነው?

እየሠራ ነው። ይሠራ የነበረ ነገር በድንገት አልሠራ ሲል ልጅ የሚያደርገው ያንኑ አጠንክሮ መሞከር ነው፤ ድምፁን ይጨምራል፣ አፍንጫችሁ ሥር መጥቶ ይላታል፣ ፊታችሁን እያየ ይላታል። ይህ ከመቆሙ በፊት የሚመጣ ግፊት ነው። እዚህ ላይ ታግሣችሁ ታግሣችሁ በመጨረሻ ብትጮሁ፣ የተማረው «ጮክ ብዬና ደጋግሜ ካልኳት ትሠራለች» የሚለውን ነው። ስለዚህ ዝምታውን የማትጨርሱት ከሆነ ባትጀምሩት ይሻላል፤ ያቺን አጭር ዓረፍተ ነገር በተመሳሳይ ድምፅ መድገም ይቀላል።

እኛ በቁንጥጫና በበርበሬ ጢስ ነው ያደግነው፤ ምን ሆንን? ቆንጥጠን ካላሳደግነው ባለጌ አይሆንም?

ከሁሉም ጥያቄ ከባዱ ይህ ነው፣ ከፍርሃት ስለሚመጣ። ልጅ ሰው ፊት ሲሳደብ የሚሰደበው ወላጅ ነው፤ «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል። ለዚያ ለሚሰማው ሰው ሲባል እጅ ይሰነዘራል። ወላጁ በልቡ «ይኸው፣ ዝም አላልኩም» እያለ ነው።

ቅጣት ቃሉን ያጠፋዋል ወይ ለሚለው ግን የቆየ መልስ አለ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ እ.ኤ.አ. በ1961 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባደረገው ሙከራ፣ አንድ አዋቂ ትልቅ የሚነፋ አሻንጉሊት ሲመታና «አፍንጫውን በለው!» ሲል ያዩ ትንንሽ ልጆች ድርጊቱንም ንግግሩንም ደገሙት። እ.ኤ.አ. በ1965 የታተመው ተከታዩ ሙከራ ይበልጥ ይጠቅመናል። መቺው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ ደገሙ፤ ቅጣት ሠራ የሚያስብል ነው። ቀጥሎ ግን «ያየኸውን ብታሳየኝ ጭማቂ እሰጥሃለሁ» ሲባሉ ልዩነቱ ጠፋ፤ ሁሉም ተምረውት ነበር። ቅጣት አፍ ይዘጋል፣ የተማሩትን አያስረሳም። በቁንጥጫ ያደገ ልጅም የሚማረው ማን ፊት እንደማይባል ነው፤ ጓሮ ሄዶ ይላታል።

በርበሬ ማጠን፣ ሚጥሚጣ አፍ ላይ መቀባት፣ አፍን በሳሙና ማጠብ፤ እነዚህን አታድርጉ። የበርበሬ ጢስ ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን ያቃጥላል፤ አስም ላለበት ልጅ ለሕይወት ያሰጋል፣ ልጁ አስም እንዳለበት ደግሞ ገና ያልታወቀ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ወላጆች ከመምታት ብቻ ሳይሆን ልጅን ከማዋረድና ከመስደብም እንዲቆጠቡ መክሯል። «አንተ ባለጌ፣ ከብት፣ ስድብ ማን አስተማረህ!» ብሎ የሚጮህ ወላጅ መልሱን በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰጥቷል።

ሕጉንም ማወቅ ይጠቅማል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። ስለዚህ መዋዕለ ሕፃናቱ ልጃችሁን ለስድብ እየመታ ከሆነ «አደራ፣ ቆንጥጣችሁ ያዙልኝ» ማለት አያዋጣም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979፣ ጀርመንና እስራኤል በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ልጅን መምታት ቤት ውስጥም ከልክለዋል። አሜሪካ ቤት ውስጥ መምታትን በአጠቃላይ ባትከለክልም፣ አስተማሪና ሐኪም ጉዳት የደረሰበት የመሰላቸውን ልጅ ለመንግሥት ማሳወቅ ግዴታቸው ነው። በርበሬ የታጠነ ልጅ ዓይኑ ቀልቶ መዋዕለ ሕፃናት ሲገባ ነገሩ በቤተሰብ ምክር አያልቅም።

የሚሳደበው ከአያቱ ወይም ከሞግዚቷ ሰምቶ ነው። እንዴት ልናገር?

አያት ከሆኑ በልጁ ፊት አይሆንም፤ ብቻቸውን፣ እሳቸውን ከፍ አድርጎ ነው፦ «እማዬ፣ ይሄ ልጅ ካንቺ አፍ የወጣውን ነው የሚይዘው፤ እኔን እንኳን አይሰማም። እስቲ ‹ድፍት በል› ስትይው ነገ ለአባቱ እንዳይላት አግዢኝ።» እውነትም ነው፤ አያት የሚደመጡት ስለሚወደዱ ነው። እርግማን በእኛ ቤት ብዙ ጊዜ ክፋት የለውም፤ «እሳት ይብላህ» ብለው ወዲያው ያጎርሱታል። ልጁ ግን ጉርሻውን ለብቻ፣ ቃሉን ለብቻ ይይዛል። ቃሉንም ለሌላ ሰው ሲላት ጉርሻ የለም።

ሞግዚት ወይም የቤት ሠራተኛ ከሆነች ከመናገራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ በእናንተ ቤት እሷን ማን፣ ምን ብሎ ነው የሚጠራት? ልጅ ሠራተኛዋን «ደንቆሮ» ካለ ከሠራተኛዋ አይደለም የሰማው። ይህን ብዙ ቤት መስማት አይፈልግም። እሷ ከሆነች የምትናገረው ያለ ቁጣ ንገሯት፤ ምን እንደምትል ሳይሆን በምትኩ ምን እንድትል አሳዩዋት፣ እናንተም ያንኑ በሉ። ቤቱ ውስጥ ያሉ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ካልሰጡ አንዷ ዝም ብላ ልፋቷ መና ይቀራል።

ልጄ ስድብ ሳይሆን «እናቴ ትሙት» እያለ ይምላል። በጣም አስደነገጠኝ።

ለእሱ «እናቴ ትሙት» ማለት «እውነቴን ነው» ማለት ብቻ ነው። ከትልልቆቹ ልጆች ብይ ሲጫወቱ ሰምቶት ይሆናል፤ ሲባል ክርክሩ እንደሚያበቃ አይቷል። ሞትን በአራት ዓመቱ እንደ አዋቂ አይረዳም። «ልትገድለኝ ነው?» ብላችሁ ብታለቅሱበት ግን ቃሉ እናቱን ሊጎዳት ይችላል ብሎ ማታ እንቅልፍ ሊያጣ ይችላል። «እውነት ነው በል፣ አምንሃለሁ» በሉት። ከዚያም እመኑት።

ካካ፣ ፈስ፣ ቂጥ፤ ቀኑን ሙሉ ይኸው ነው። ይህም ስድብ ነው?

ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ አብዛኛው ያልፍበታል፤ ፖፖ ላይ መቀመጥ የተማረ ሰሞን ደግሞ ይብሳል። የሰውነት ክፍል ስም ስድብ አይደለም። ሲታጠብ፣ ሲያመው፣ ሲጠይቅ ያለ ማፈር ስሙን ንገሩት፤ የሰውነቱን ስም የማያውቅ ልጅ ሰው ነክቶት እንደሆነ እንኳን መናገር ይቸግረዋል። ለጨዋታው ደግሞ ቦታ ስጡት፦ «የካካ ወሬ ሽንት ቤት ነው፤ ማዕድ ላይ አይወራም።»

አንዳንዴም ጭራሽ ስድብ አይሆንም። አፉ ገና ያልጠራ ልጅ ቂጣ ለምኖ ተቆጥቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ጠይቁት፣ ወደ ማድ ቤቱ ከጠቆመ ቂጣውን ስጡት።

የምንኖረው ውጭ አገር ነው። በእንግሊዝኛ ይሳደባል፣ አያቱ ደግሞ አይሰሙትም።

አያት ላለመስማታቸው ዋስትና የለም፤ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የመጡ አያት ቃሏን እንደ አዲስ ትምህርት ይዘው ሲደግሙለት ነው ችግሩ የሚብሰው።

እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ የማያስተውለው ነገር አለ። ለንደን በሚገኘው ቢርክቤክ ኮሌጅና ሌላም ቦታ በብዙ ቋንቋ ተናጋሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች፣ ሰው በአፍ መፍቻው የሚሰማው ስድብ በኋላ ከተማረው ቋንቋ ይልቅ እንደሚከብደው አሳይተዋል። አድጎ እንግሊዝኛ የተማረ አባት በአማርኛ ደፍሮ የማይላትን ቃል በእንግሊዝኛ ቀለል አድርጎ ይወረውራታል፤ አይሰማውማ። ልጁ ግን እዚያው ተወልዶ በእንግሊዝኛ ነው የሚያድገው። አባት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ መኪና እየነዳ የወረወራትን ቃል ሙሉ ክብደቷን እንደያዘች መዋዕለ ሕፃናት ይወስዳታል፣ ከሰዓት በኋላ ስልክ ይደወላል። በአማርኛ የሚሳደብ ከሆነ ደግሞ «ማን ይሰማዋል» ብላችሁ አትናቁት፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ አማርኛ የሚሰማ ልጅ ካለ ቤቱ ወስዶ ያወራታል።

ከአስተማሪዋ ሲደወል አትከራከሩ። ቤት ውስጥ የምትሉትን ያንን አጭር ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ንገሯት፣ እሷም ያንኑ እንድትል ጠይቋት።

ከቴሌቪዥንና ከስልክ ቢሆንስ?

ይሆናል። ልጅ ከሰው ፊት የሚማረው ከስክሪን ከሚማረው ቢበልጥም፣ ቀልድ ላይ ስድቡ ተለይቶ ሳቅ ይጫንበታል፤ ሳቅ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ከላይ አይተናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ምክር ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ስክሪን ፊት ባይቀመጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ የሚል ነው። ቴሌቪዥኑ «ለእኛ ነው የተከፈተው» ቢባልም ምንጣፉ ላይ የሚጫወተው ልጅ ጆሮው ክፍት ነው።

እንግዳ ፊት ሲያዋርደኝስ?

ለእንግዳው እናንተ ይቅርታ ጠይቁ፦ «ይቅርታ አባቴ፣ የማያውቀውን ነው የሚለው።» ልጁን «ይቅርታ በል! በል አልኩህ!» እያላችሁ አትፋለሙት፤ እምቢ ካለ ትዕይንቱ ይረዝማል፣ ቃሏም ትደምቃለች። አቅፋችሁ ወደሌላ ክፍል ውሰዱት፣ ዓረፍተ ነገሯን በሉ፣ ተመለሱ። ልጅ ያሳደገ እንግዳ ይረዳችኋል፤ ያላሳደገም ሻዩን ይጠጣል።

መቼ ነው ባለሙያ ማማከር ያለብኝ?

ስድብ ብቻውን በዚህ ዕድሜ ሕመም አይደለም። አንዳንድ ወላጆች ኢንተርኔት ላይ ስለ ቱሬት ሲንድረም (ሰው ሳይፈልግ ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስና ድምፅ የሚያስወጣ ሕመም) አንብበው ይሰጋሉ፤ የቱሬት እንቅስቃሴዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፣ ሳይፈልጉ መሳደብም የሚታየው በጥቂቶቹ ታማሚዎች ላይ ብቻ ነው።

ልብ የሚባለው ሌላ ነው። ልጁ የሰማውን ቃል፣ ስድቡንም ሌላውንም፣ እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ከማስተጋባት በቀር ለመለመን ወይም ለመጥራት የማይናገር ከሆነ፣ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ የሚፈልገውን በጣቱ የማያሳይ ከሆነ ሐኪም ይየው። እነዚህ የኦቲዝም፣ ማለትም የንግግርና የመግባባት እድገት ከሌሎች የሚለይበት ሁኔታ፣ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ጆይና ነህምያ የተባሉ የኦቲዝም ማዕከላት አሉ። ይናገራቸው የነበሩ ቃላት እየጠፉ ከሄዱም እንዲሁ ቶሎ መታየት አለበት። ስድቡ ከመንከስ፣ ከመደባደብ፣ እንስሳ ከማሠቃየት ጋር ከመጣና ለወራት ከቀጠለ የሕፃናት ሐኪም አማክሩ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ልጁ ከዕድሜው የራቀ የወሲብ ንግግር ከነድርጊቱ የሚያሳይ ከሆነ፣ አንድ ሰው ፊት ብቻ የሚፈራ ከሆነ፣ አትቆጡት፣ አትመርምሩትም። «ስለነገርከኝ ጎበዝ፤ አንተ ምንም አላጠፋህም» በሉትና ያለውን በራሱ ቃል ጽፋችሁ ያዙ። አካሉን ከማጠባችሁ፣ ልብሱንም ከማጠባችሁ በፊት ወደ ሐኪም ውሰዱት። አዲስ አበባ ላይ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የሥነ ልቦና ድጋፉንና የሕግ ጉዳዩን ባንድ ቦታ የሚይዝ የጥቃት ተጎጂዎች ማዕከል አለ።

አሁን ደግሞ እሱ እኛን ያርመናል። «አባ፣ ስድብ ነው!» ይለኛል፤ ምን ልመልስለት?

«ልክ ነህ፣ አምልጦኝ ነው» በሉት፣ እንዲሁ በቀላሉ። «እኔ ትልቅ ሰው ስለሆንኩ ነው» ካላችሁት ስድብን የትልቅነት ምልክት አድርጋችሁ ሰጣችሁት፤ ለማደግ የሚቸኩል ልጅ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ድስት ጣታችሁን ሲያቃጥላችሁ በምትኩ የምትሉትን ቃል አስቀድማችሁ ብትመርጡም ጥሩ ነው። «ወይ ጉድ!» ለአያትም፣ ለቄስም፣ ለአስተማሪም ፊት ይሆናል።